ዋናው ጽሑፍ የቱ ነው?

በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሰው የሚጽፍበት ቦታ ሌላ፣ የሚለጥፍበት ቦታ ሌላ ሆኖበታል። በመሃል ኮፒ ፔስት ሲያደርግ ይውላል፣ እና ሰልችቶታል። አልፈርድም፣ እኔም ለዓመታት ያደረግኩት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትቼ እነዚህን ብቻ ላንሳ። ስለ ስልክ ባትሪ የጠየቃችሁኝ በሚቀጥለው እትም ጠብቁኝ።

«ብሎጌን የምጽፈው በዎርድ ነው። የለመድኩት እሱን ነው፣ ሌላ ቦታ እጄ አይታዘዝልኝም። ጨርሼ ብሎጌ ወዳለበት ወደ ወርድፕሬስ ኮፒ ሳደርገው ግን አንዱ መስመር ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ በየአንቀጹ መሃል ባዶ ቦታ፣ ብቻ ሌላ ነገር ይሆንብኛል። ዎርድ ራሱ በቀጥታ ይልካል የሚባለው እውነት ነው?» — የዎርድ ታማኝ

እውነት ነው፣ ያውም የቆየ ነገር ነው። ከዎርድ 2007 ጀምሮ አለ፣ ብዙ ሰው ዞር ብሎ ስለማያየው ነው እንጂ። ዊንዶውስ ላይ ያለውን ዎርድ ክፈትና ፋይል፣ ከዚያ ኒው በል። ከሚወጡት ቴምፕሌቶች ውስጥ «ብሎግ ፖስት» የሚለውን ፈልግ። ማክ ላይ ከሆንክ አትድከም፣ እዚያ የለም። የሚከፈተው ገጽ ተራ ባዶ ገጽ ይመስላል፤ ላዩ ላይ ግን የርዕስ ቦታ አለው፣ ሜኑውም ከወትሮው ያነሰ ነው። ያነሰው በምክንያት ነው። የገጽ ቁጥር፣ ኅዳግ፣ ምናምን ብሎግ ላይ ትርጉም ስለሌላቸው አውጥተውልሃል።

መጀመሪያ አካውንትህን ይጠይቅሃል። ወርድፕሬስን ስትመርጥ የብሎግህን አድራሻ የምትሞላበት ሳጥን ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ «ኤክስኤምኤልአርፒሲ ነጥብ ፒኤችፒ» የምትል የፋይል ስም አለች። እንዳታጠፋት። ጽሑፍህ የሚገባው በእሷ በር ነው። ኤክስኤምኤል-አርፒሲ እ.ኤ.አ. በ1998 የመጣ ነገር ነው፤ አንድ ፕሮግራም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራምን በኢንተርኔት በኩል «ይህን አድርግልኝ» ብሎ የሚያዝበት መንገድ ነው። ብሎገር የሚባለው፣ ዛሬ የጉግል የሆነው የብሎግ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2001 በዚህ መንገድ ጽሑፍ መቀበል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቭ ዋይነር የሚባል የሶፍትዌር ሠሪ ሜታዌብሎግ የተባለ የመላኪያ ዘዴ አመጣ፣ ከዚያ በኋላ ርዕሱ ለብቻው፣ ጽሑፉ ለብቻው ሆኖ መላክ ተቻለ። ዎርድ ዛሬም ከብሎግህ ጋር የሚያወራው በዚሁ ሃያ ዓመት ባለፈው ቋንቋ ነው።

እና እርጅናው ጣጣ አለው። ይህችን በር ሌባም ያውቃታል። ቀን ከሌት ፓስወርድ እየገመቱ የሚያንኳኩ ሮቦቶች አሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ የሆስቲንግ ድርጅቶች (ብሎግህን ኮምፒውተራቸው ላይ የሚያስቀምጡልህ) እና የደህንነት ፕለጊኖች (ወርድፕሬስ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ጥርቅም አድርገው ይዘጓታል። ዎርድ «አካውንቱን መመዝገብ አልቻልኩም» ካለህ ፓስወርድህን አሥር ጊዜ ከመቀየርህ በፊት በሯን ፈትሽ። ያንኑ አድራሻ በብራውዘር ክፈተው። ነጭ ገጽ ላይ «የምቀበለው የፖስት ጥያቄ ብቻ ነው» የሚል አንድ መስመር እንግሊዝኛ ከወጣ በሩ ክፍት ነው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። 403 የሚል ከመጣ ተዘግቷል፣ ሆስቲንግህን አነጋግር።

ፓስወርድ ስትሞላ ደግሞ ዋናውን አትስጥ። ወርድፕሬስ ከ5.6 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ፣ «አፕሊኬሽን ፓስወርድ» የሚባል ነገር አለው። ፕሮፋይልህ ገጽ ላይ ወደ ታች ውረድ፣ «ዎርድ» ብለህ ስም ስጠው፣ ባለ 24 ምልክት ፓስወርድ ያወጣልሃል። አንዴ ብቻ ነው የሚያሳይህ፣ እዚያው ቅዳው። ላፕቶፕህ ቢጠፋ እሱን ብቻ ሰርዘህ ትገላገላለህ።

አሁን ወደ ዝብርቅርቁ። ከዎርድ ኮፒ ስታደርግ የምትቀዳው ፊደሉን ብቻ አይደለም። የፎንቱ ስም፣ መጠኑ፣ የመስመሩ ርቀት፣ ሁሉም በስውር አብሮ ይመጣል። ብሎግህ ላይ የኤችቲኤምኤሉን ገጽታ፣ ማለትም ከጽሑፉ ሥር ያለውን ኮድ፣ ከፍተህ ብታየው በየአንቀጹ «ኤምኤስኦ ኖርማል» የሚል ተለጥፎ ታገኛለህ። በብሎግ ፖስት ቴምፕሌት ሲላክ ይህ ጓዝ በጣም ይቀንሳል፤ ይቀንሳል እንጂ አንተም ካላገዝከው አይጠፋም። ንዑስ ርዕስህን ቦልድ አድርገህ፣ መጠኑን 16 አድርገህ፣ ቀለም ቀብተህ አትላክ። «ሄዲንግ 2» በለውና ተወው። መልኩን ብሎግህ ራሱ ይሰጠዋል። ባዶ ቦታም በኢንተር አትፍጠር።

የብሎገር ተጠቃሚ ከሆንክ ግን ይህ ሁሉ አይሠራልህም። ጉግል ፓስወርድ ብቻ ይዞ የሚመጣን ፕሮግራም አያስገባም፣ ዎርድ ደግሞ ሌላ መግቢያ አያውቅም።

«ረቂቅ ልልክ ብዬ ፐብሊሽ ነካሁ። ግማሽ ጽሑፍ ነው፣ መሃሉ ላይ ለራሴ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ሁሉ አሉ። ደቂቃ ሳይሞላ መለስኩት፣ ግን ለተከታዮቼ በኢሜይል ሄዷል። አፈርኩ። ምን ላድርግ?» — ጣቷ የቀደማት

አይዞሽ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እኔ አንድ ጊዜ «እዚህ ጋ ማስረጃ ፈልግ፣ ካልተገኘ ዝም ብለህ እለፈው» የሚል መስመር ያለበት ጽሑፍ ለቅቄያለሁ። ስንት ሰው ስክሪንሾት አድርጎ እንደላከልኝ አትጠይቂኝ።

የሄደ ኢሜይል አይመለስም። ብሎጎችን በአርኤስኤስ (አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ራሱ በሚያመጣላቸው መንገድ) የሚከታተሉ አንባቢዎችም ጋ ቅጂው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እሱን ለማሳደድ ጊዜ አትፍጂ። ጽሑፉን ጨርሺው፣ በዚያው ሊንክ መልሰሽ አውጪው፣ ላዩ ላይ «ቀደም ብሎ ሳያልቅ ወጥቶ ነበር፣ ይቅርታ» የሚል አንድ መስመር ጨምሪ። የይቅርታ ኢሜይል ለብቻው አትላኪ፤ ያላየውንም ሰው ትጠሪዋለሽ።

ለሚቀጥለው ግን ሴቲንጉን አስተካክዪ። ዎርድ ላይ ፐብሊሽ የሚለው ቁልፍ ሥር ትንሽ ቀስት አለች፣ ስትነኪያት «ፐብሊሽ አዝ ድራፍት» ይላል። ምንጊዜም በእሷ ሂጂ። ሌሎቹም መጻፊያ አፖች ላይ ሲልኩ ረቂቅ ይሁን ወይስ በቀጥታ ይውጣ የሚል ምርጫ አለ፣ ረቂቅ ላይ አድርጊው። ከዚያ ብራውዘር ከፍተሽ፣ አንባቢ እንደሚያየው አይተሽ፣ የመጨረሻውን ቁልፍ እዚያ ትጫኛለሽ። «ታዲያ በቀጥታ መላኩ ምን ጠቀመኝ?» ትዪ ይሆናል። ኮፒ ፔስቱ ቀረልሽ። የቀረችው አንድ ክሊክ ናት፣ እሷ ደግሞ ብትኖር ይሻላል።

«ከመጻፊያ አፔ የላክኩትን ጽሑፍ ብሎጉ ላይ ገብቼ አረምኩት። የተሳሳቱ ሁለት ዓመተ ምሕረቶችና አንድ ስም ነበሩ። ከሳምንት በኋላ አንድ አንቀጽ ልጨምር ብዬ ከአፑ እንደገና ብልከው ያረምኩት ሁሉ ወደ ስህተቱ ተመለሰ። አንባቢ ነው የነገረኝ። አፑ ተበላሽቶ ነው?» — ሁለቴ የተሳሳተው

አልተበላሸም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። ከዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይህ ነው ብዬ ስለማምን ትንሽ ልቆይበት።

«ላክ» ባልክባት ቅጽበት ጽሑፍህ ሁለት ሆኗል። አንዱ አፑ ውስጥ ነው፣ አንዱ ብሎጉ ላይ። ሁለቱ አይተዋወቁም። አፑ መልእክተኛ ነው፤ ሲደርስ «እዚህ ቤት በሌለሁበት ምን ተለወጠ?» ብሎ አይጠይቅም፣ የያዘውን አስቀምጦ ይወጣል። አንተ ብሎጉ ላይ ስታርም አፑ ውስጥ ያለው ቅጂ አልሰማም። ስለዚህ ሲመጣ አሮጌውን ይዞ መጣ፣ የታረመውን ደፈጠጠው።

መጀመሪያ የጠፋውን እንመልስ። ወርድፕሬስ የጽሑፍን የቀድሞ ቅጂዎች ያስቀምጣል። ጽሑፉን በኤዲተሩ ክፈትና በስተቀኝ በኩል ባለው ዝርዝር «ሪቪዥንስ» የሚለውን ንካ። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይመጣሉ፣ የተለወጠው ቃል ቀለም ተቀብቶ ይታይሃል። ያረምከውን ቅጂ ፈልገህ መልሰው፣ አዲሱን አንቀጽ እዚያው ጨምር።

ከዚያ በኋላ መወሰን ያለብህ ነገር አለ፦ ዋናው ጽሑፍ የቱ ነው? ሁለቱም ሊሆኑ አይችሉም።

አንዱ መንገድ ዋናው አፑ ውስጥ ያለው ነው ማለት ነው። እንዲህ ካልክ ታዲያ አንዲት ነጠላ ሰረዝም ብትሆን የምታርማት አፑ ውስጥ ነው፣ ከዚያ መልሰህ ትልካለህ። ብሎጉ ላይ እጅህን አታስገባም። ጽሑፎቹን አንድ ቀን በመጽሐፍ መልክ እሰበስባለሁ ለሚል ሰው ወይም ብሎጉን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሊያዛውር ለሚያስብ ይህ ጥሩ ነው። ግን ሥነ ሥርዓት ይጠይቃል። ታክሲ ውስጥ ስልክህ ላይ ስህተት አይተህ «ቤት ስገባ» ብለህ መታገሥ አለብህ፣ ያንን የሚችል ሰው ብዙ አላየሁም።

ሌላው መንገድ አፑ እስከ መላክ ድረስ ብቻ ነው ማለት ነው። ረቂቁ ከተላከ በኋላ ዋናው ብሎጉ ላይ ያለው ይሆናል፣ አፑ ውስጥ ያለው ቅጂ አለቀለት። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከላክሁ በኋላ ፋይሉን «የሄደ» ወደሚል ፎልደር እወስደውና የመጀመሪያው መስመር ላይ «ሙት» ብዬ እጽፍበታለሁ። ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን ከሦስት ወር በኋላ ፋይሉን ከፍቼ ማረም ስጀምር ያች ቃል ታስቆመኛለች።

ወደዚህ መንገድ ያስገባኝ አንድ ምሽት ነው። ወርድፕሬስ ከ5.0 ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ፣ ጽሑፍን በብሎክ ብሎክ ነው የሚያየው፦ አንቀጽ አንድ ብሎክ፣ ፎቶ አንድ ብሎክ፣ ሠንጠረዥ አንድ ብሎክ። ከውጭ በአሮጌው በር የመጣ ጽሑፍ ግን እነዚህን ስለማያውቅ ሙሉው «ክላሲክ» በሚባል አንድ ብሎክ ውስጥ ተጨፍልቆ ይቀመጣል። «ኮንቨርት ቱ ብሎክስ» ስትለው ይበታተንልሃል። እኔ በታተንኩት፣ ፎቶዎቹን ሁለት ሁለት አድርጌ ደረደርኩ፣ ጥቅሶቹን አስጌጥኩ፣ እኩለ ሌሊት ሆነ። በማግስቱ አንድ የፊደል ግድፈት ላርም ብዬ ከአፑ መልሼ ላክሁት። ያ ሁሉ ድርደራ ድራሹ ጠፋ። ሪቪዥን ባይኖር አልቅሼ ነበር።

እና በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር፦ ብሎግ ላይ መላክን ባክአፕ ነው ብለህ እንዳታስብ። ሙቱን ፋይል የማልሰርዘው ለዚህ ነው።

«ማክና አይፓድ ነው የምጠቀመው። ዩሊሲስ፣ አይኤ ራይተር፣ ማርስኤዲት የሚሉ ስሞች እሰማለሁ። ለብሎግ የቱን ልግዛ?» — መምረጥ ያቃታት

ሦስቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። ማርስኤዲት ማክ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ ከመነሻው ለብሎግ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ልዩ የሚያደርገው መላክ ብቻ አለመሆኑ ነው። ብሎግሽ ላይ ያሉትን የቆዩ ጽሑፎች አውርዶ ያሳይሻል፣ እዚያው አርመሽ ትመልሻለሽ። ከላይ ለ«ሁለቴ የተሳሳተው» የነገርኩት ጣጣ እዚህ ላይ ይቀላል፣ ከማረምሽ በፊት ዝርዝሩን አድሺው እንጂ። መቶ ምናምን የቆየ ጽሑፍ ካለሽ እሱን ውሰጂ።

ዩሊሲስ ዋና ሥራው መጻፍ ነው፣ ማክም አይፓድም ላይ አለ። ብዙ የምትጽፊ ከሆነ፣ ግማሹ ለብሎግ ግማሹ ለሌላ ከሆነ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ ይሰበስብልሻል። ክፍያው ግን በየጊዜው የሚታደስ ነው፣ አንዴ ገዝተሽ የምትረሺው አይደለም። አይኤ ራይተር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ነጭ ገጽና ፊደል፣ በቃ። ረቂቁን ወደ ወርድፕሬስ ያስገባልሽና ቀሪውን እዚያ ትጨርሻለሽ። እኔ ብትዪኝ በዚህ ጀምሪ፣ ካነሰሽ ሌላውን ታስቢያለሽ።

ዩሊሲስና አይኤ ራይተር የሚሠሩት በማርክዳውን ነው። አትፍሪው። ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የአጻጻፍ ዘዴ ነው፦ ንዑስ ርዕስ ሲሆን ከፊቱ ሁለት የፓውንድ ምልክት፣ ማጉላት ሲሆን ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ኮከብ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም። ጥቅሙ ደግሞ ከላይ የተነጋገርነው የፎንትና የቀለም ጓዝ መነሻው ላይ አለመኖሩ ነው።

«ለጽሑፌ የአማርኛ ርዕስ ስሰጥ ሊንኩ ፐርሰንትና ቁጥር እየተደረደረ ግማሽ ገጽ ይሆናል። አንዳንዴም ርዕሱ መሃል ላይ ይቆረጣል። ከአፑ ስለምልከው ነው እንዲህ የሚሆነው?» — የሊንኩ ርዝመት

አፑ ምንም አላደረገም። ኮምፒውተር ፊደልን ቁጥር አድርጎ በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሊንክ ላይ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት ፐርሰንትና ሁለት ምልክት ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ነው፤ «ሰላም» ብቻዋን 27። ወርድፕሬስ ለዚህ የሊንክ ስም የሚሰጠው 200 ምልክት ነው። 200ን ለ9 አካፍለው፣ 22 ፊደል ላይ ያልቃል። ረዘም ያለ የአማርኛ ርዕስ የሚቆረጠው ለዚህ ነው።

ብሎገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የማያውቀውን ፊደል ጭራሽ ጥሎ «ብሎግ ፖስት» ከሚል ስም ጋር ቁጥር ያስቀምጥልሃል፣ ሊንኩ አጭር ይሆናል ግን ስለምን እንደሆነ አይናገርም።

መድኃኒቱ አንድ ነው፦ የሊንኩን ስም በላቲን ፊደል፣ በሦስት አራት ቃል ራስህ ጻፈው። ወርድፕሬስ ላይ «ስለግ» ይባላል፣ ብሎገር ላይ «ፐርማሊንክ»። ዎርድ ውስጥ ይህን የምትሞላበት ቦታ የለም፣ ረቂቅ አድርጌ ልላክ የምለው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሳይወጣ በፊት አድርገው። ወርድፕሬስ በኋላ ብትቀይረውም የድሮውን ሊንክ ወደ አዲሱ ይመራልሃል፤ ብሎገር ግን ከወጣ በኋላ አያስነካህም።

ሁለት አጫጭር ደግሞ ላንሳ። «ጉግል ዶክስ ላይ ፐብሊሽ ቱ ዌብ የሚለው ብሎጌ ላይ ያወጣልኛል ወይ?» ላላችሁኝ፣ አያወጣም። ሰነዱን ራሱን የቻለ ገጽ አድርጎ ሊንክ ይሰጣችኋል እንጂ ብሎጋችሁን አያውቀውም። ያውም ተጠንቀቁ፣ ሰነዱን ስትቀይሩ ያ ገጽም አብሮ ሊቀየር ይችላል።

«ከአይፎን ያነሳሁት ፎቶ ከጽሑፉ ጋር አልሄድ አለ» ላለው ደግሞ፣ አይፎን ከአይኦኤስ 11 ወዲህ የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ በሚባል ቅርጽ ነው፣ ብዙ የብሎግ በሮች አይቀበሉትም። ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብተህ «ሞስት ኮምፓቲብል» በለው፣ ከዚያ ወዲህ የምታነሳው ጄፔግ ይሆናል።

«ልጄ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቆዩ ጽሑፎቼን ብሎግ ላይ ላወጣቸው አስቤ ነበር። ዎርድ ላይ ጥርት ብለው በአማርኛ ይታያሉ። ከላክኳቸው በኋላ ግን ብሎጉ ላይ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ፊደልና የቅንፍ ዝብርቅ ነው። ምን በደልኩ?» — የድሮ ጸሐፊ

ምንም አልበደሉም ጋሼ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደል ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ በአማርኛ የሚጻፈው በተለየ ዘዴ ነበር፦ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው በላዩ ላይ የአማርኛ ፊደል የሚስልበት። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ስላለ አማርኛ ሆኖ ይታይዎታል። ብሎጉ ጋ ሲደርስ ፎንቱ አብሮ አይሄድም፣ ከሥር ያለው ራቁቱን ይወጣል።

ለማረጋገጥ አንድ አንቀጽ ይምረጡና ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ይቀይሩት። አማርኛነቱ ካልተለወጠ ዩኒኮድ ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው። ወደ ዝብርቁ ከተቀየረ በድሮው ዘዴ የተጻፈ ነው፣ እንግዲህ ከመላክዎ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ለዚህ የሚሆኑ መለወጫዎች አሉ፣ ግን ጽሑፉ የተጻፈበትን ፎንት ስም በትክክል ማወቅ ይጠይቃሉ፤ ዎርድ ላይ ጽሑፉን ሲመርጡት ላይኛው ሳጥን ውስጥ የሚመጣውን ስም ወረቀት ላይ ይጻፉት። ጽሑፉ ሦስት ገጽ ከሆነ መልሰው ቢተይቡት ይፈጥናል። ሦስት መቶ ገጽ ከሆነ የፎንቱን ስም ይላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አብረን እናየዋለን።